ዳግ ኒኮልስ፦ ወጌሻው አላሽም ያለው ተጫዋች

ዳግ ኒኮልስ ቁመቱ 1 ሜትር ከ57 ሴንቲ ነበር። ለፉቲ ተጫዋች ይህ ቁመት ያስቃል። ጨዋታውን አይታችሁት ለማታውቁ ባጭሩ ላስረዳ። የአውስትራሊያ እግር ኳስ ነው፤ እዚህ ሰው ሁሉ ፉቲ ይለዋል። ሜዳው የእንቁላል ቅርጽ አለው። በየቡድኑ 18 ሰው ይሰለፋል። ኳሱ ሞላላ ነው፣ በእጅም በእግርም ይሄዳል። በሰው ጀርባ ላይ ተንጠላጥሎ ኳስ ከአየር የሚቀልብ ተጫዋች ስታዲየሙን ሙሉ ከመቀመጫው ያስነሳል። ለረጃጅሞች የተሠራ ጨዋታ ይመስላል። ኒኮልስ ግን የመስመር ተጫዋች ነበር። ኳሷን ከመሬት ለቀም አድርጎ ይሮጣል። አንዴ ከሮጠ ማን ይደርስበታል?

ይህ አጭር ሰው ኋላ ፓስተር ሆነ። ከዚያ "ሰር" ተባለ። ከዚያም የደቡብ አውስትራሊያ አገረ ገዥ ሆነ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ሜልበርን የምንኖር ሰዎች ስሙን በየዓመቱ ግንቦት ላይ እንሰማዋለን። በዚያ ሰሞን ክለቦቹ በሙሉ በአቦርጂናል (የአገሪቱ ነባር ሕዝብ) ሠዓሊዎች የተነደፈ ማሊያ ለብሰው ይገባሉ። "የሰር ዳግ ኒኮልስ ዙር" ይባላል። ማሊያው ያምራል፣ በደንብም ይሸጣል። ልጄም አለው። ስለ ሰውዬው ምን ታውቃለህ ብትሉት ግን የሚነግራችሁ አንድ ታሪክ ብቻ ነው፤ የመልበሻ ክፍሉን ታሪክ። ብዙ አዋቂ ሰውም ከዚያ አያልፍም። እኔ በዚያ ታሪክ ላይ ቅሬታ አለኝ። ቅሬታዬ እንዲገባችሁ ግን ከመነሻው ልጀምር።

የተወለደው ታኅሣሥ 9 ቀን 1906 ከመራጋንጃ በሚባል ሰፈራ ነው። ቦታው ሙሬ ከሚባለው ትልቅ ወንዝ ዳር ነው። ወንዙ የኒው ሳውዝ ዌልስና የቪክቶሪያ ድንበር ነው፤ ከመራጋንጃ በኒው ሳውዝ ዌልስ በኩል ነች። ሕዝቡ ዮርታ ዮርታ የሚባል የአቦርጂናል ሕዝብ ነው። መሬቱን መንጥረው፣ አርሰው፣ ስንዴ ዘርተው ያለሙት ራሳቸው ናቸው። ኋላ የመንግሥት ቦርድ መጣና ማሳዎቹን መልሶ ወሰደባቸው። ከዚያ በኋላ የሰፈራው ነዋሪ በቦርዱና በሥራ አስኪያጁ ፈቃድ የሚኖር ሰው ሆነ። ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ፣ ማን ራሽን ይውሰድ፣ ውሳኔው የእነሱ ነው።

ልጆቹንም የሚወስደው ያው ቦርድ ነበር። ዳግ የ8 ዓመት ልጅ ሳለ ፖሊሶች መጥተው የ16 ዓመት እህቱን ሂልዳን ወሰዷት። የተላከችው ኩታማንድራ ወደሚባለው የልጃገረዶች ማሠልጠኛ ነው። "ሥልጠና" የተባለው የቤት ሠራተኝነት ነው። ልጁ ቆሞ እያየ ነው የወሰዷት። ስለዚህ ሰው "ሁልጊዜ ፈገግተኛ ነበር" የሚል ጽሑፍ ባነበብኩ ቁጥር ይህች እህቱ ትዝ ትለኛለች።

በ14 ዓመቱ ለሥራ ወጣ። የመጀመሪያ ሥራው በጎች በሚሸለቱበት ቦታ ነበር። ሸላቹ በጓን ሲያቆስላት "ሬንጅ!" ብሎ ይጣራል፤ ልጁ ባልዲውን ይዞ ሮጦ ቁስሉን ይቀባል። ከዚያ የመስኖ ቦይ ቆፋሪ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቶንጋላ ለሚባል የገጠር ከተማ ቡድን ይጫወታል። ፍጥነቱ በአካባቢው ተወራ። በ1927 ዕድሉን ሊሞክር ወደ ሜልበርን መጣ። የሄደው ወደ ካርልተን ክለብ ነው።

ካርልተን ያኔም ዛሬም ትልቅ ክለብ ነው። እዚያ የሆነው ሲነገር እንዲህ ነው። የክለቡ ወጌሻ ጥቁር ገላ አላሽም አለ። ተጫዋቾቹም ይሸታል አሉ። አሰናበቱት። እንግዲህ ለተጫዋች ወጌሻ ምን እንደሆነ ኳስ የተጫወተ ያውቃል። ጡንቻህ ሳይታሽ፣ ሳይፍታታ በሜልበርን ክረምት ጭቃ ውስጥ ግባ ማለት አትጫወት ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ኖርዝኮት ሄደ። ኖርዝኮት የሚጫወተው ከትልቁ ሊግ ቀጥሎ በነበረው ማኅበር ውስጥ ነው። የሠፈሩ ማዘጋጃ ቤትም ሥራ ሰጠው። በ1929 ኖርዝኮት ዋንጫ ሲወስድ የቡድኑ ዋና መስህብ እሱ ነበር። በዚያው ዘመን በገንዘብ የሚሮጥባቸው የገጠር የሩጫ ውድድሮች ነበሩ፤ ኒያና ዋራክናቢል በሚባሉ ከተሞች የተደረጉትን አሸነፈ። ቦክስም ሞክሯል። ጂሚ ሻርማን የሚባል ሰው ድንኳን ጭኖ ከከተማ ከተማ ይዞር ነበር። ቦክሰኞቹን ከድንኳኑ ፊት ያሰልፍና የመንደሩን ጎረምሳ "የሚችል ይምጣ!" ይላል። ኒኮልስ ከእነዚያ ቦክሰኞች አንዱ ሆኖ ሠርቷል። ዘመኑ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን ነው፤ እንጀራ በተገኘበት ይበላል።

በ1932 ትልቁ ሊግ መልሶ ጠራው። የጠራው ፊትዝሮይ ነው። የመልበሻ ክፍሉ ታሪክ እዚህ ላይ ይመጣል።

ታሪኩ ይህ ነው። ኒኮልስ መጀመሪያ ቀን ገብቶ ጥግ ይዞ ለብቻው ተቀመጠ። የካርልተኑ ነገር አልወጣለትም። ያኔ ሄይደን በንተን ተነሣ። በንተን የጊዜው ኮከብ ነው። የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን የብራውንሎ ሜዳሊያ ሦስት ጊዜ፣ በ1931፣ በ1932 እና በ1935 ወስዷል። ልብሱን ይዞ ሄዶ ከኒኮልስ አጠገብ ተቀመጠና እዚያው መልበስ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አላለም። ሁለቱም ወዳጆች ሆኑ።

ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። በንተንም ጥሩ ሰው ነበር። ግን ልብ ብላችሁ እዩት። በታሪኩ ውስጥ የሚነሣው፣ የሚራመደው፣ የሚወስነው በንተን ነው። ኒኮልስ ተቀምጦ ይጠብቃል። በስሙ ለተሰየመ ዙር ለልጆች የምንነግረው ታሪክ እሱ ምንም የማያደርግበት ታሪክ ነው! ካርልተንም ቀስ ብሎ ከታሪኩ ይወጣል፤ አንድ ደግ ሰው በመገኘቱ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል።

ደግሞ ፊትዝሮይ ጥቁር ተጫዋች ሲያሰልፍ ያ የመጀመሪያው አልነበረም። ጆ ጆንሰን የሚባል አቦርጂናል ተጫዋች ከ1904 ጀምሮ እዚያው ክለብ 55 ጨዋታ ተጫውቷል። በ1904 እና በ1905 ዋንጫም በልቷል። ኒኮልስ እስከ 1937 ድረስ 54 ጨዋታ ተጫወተ፤ ከጆንሰን አንድ ያነሰ። በ1935 ለቪክቶሪያ ምርጥ ቡድን ተመረጠ። በሜዳ ላይ ከዚህ የሚበልጥ ሰርተፊኬት አልነበረም።

በነገራችን ላይ ያ የፊትዝሮይ ቡድን ጉድ ነበር። ከ1931 እስከ 1936 ባለው ጊዜ ከ1934 በቀር በየዓመቱ ብራውንሎ የወሰደው የእነሱ ተጫዋች ነው። በ1936 ግን ከሊጉ መጨረሻ ወጡ። ምርጡ ተጫዋች ያላቸው፣ ከሁሉም በታች ያሉ። የኛ አገር ቲፎዞ ቢሆን አሠልጣኙን ያን ዓመት በሰላም ቤቱ አያስገባውም ነበር። ክለቡ ራሱ ዛሬ የለም፤ በ1996 ከብሪስበን ጋር ተዋሐደ። አሮጌው የተመልካች መቀመጫ ግን ኤዲንበርግ ጋርደንስ ውስጥ አሁንም ቆሟል።

ለእኔ የኒኮልስ ትልቅነት ያለው ከኳሱ ባገኘው ስም ምን እንዳደረገበት ነው። ስሙን ዕቁብ እንደደረሰው ሰው ነበር የቆጠረው፤ ደርሶታል፣ ግን ቤት ውስጥ የሚጠብቁት ብዙ ናቸው። ክርስትናን አጥብቆ ከያዘ በኋላ በየቤተ ክርስቲያኑ እየተጋበዘ ይናገር ጀመር። ሰው የሚመጣው ኳስ ተጫዋቹን ለማየት ነው። እሱ ደግሞ የመጣለትን ሰው ስለ ሕዝቡ ሁኔታ ሳይነግረው አይሸኘውም። አንድ አቦርጂናል ያን ያህል ነጭ ሰው በጸጥታ ቁጭ አድርጎ የሚያናግርበት ሌላ መንገድ በዚያ ዘመን አልነበረም።

ወደዚህ የጎተቱት ዘመዱ ሽማግሌው ዊሊያም ኩፐር ናቸው። ኩፐር የኖሩት ፉትስክሬ ነው። ሜልበርን ያለ ሐበሻ ፉትስክሬን አያጣውም፤ እንጀራና በርበሬ የምንገዛበት፣ ቡና የምንጠጣበት ሠፈር ነው። ከባቡር ጣቢያው በላይ ያለው የእግረኛ ድልድይ በስማቸው ተሰይሟል። ስንቶቻችን ዘንቢል ይዘን ተሻግረነዋል! ኩፐር እዚያ ሠፈር በእርጅናቸው ቁጭ ብለው ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። 1,814 ሰው የፈረመበት አቤቱታ ለእንግሊዝ ንጉሥ እንዲደርስላቸው አዘጋጁ። ጥያቄያቸው ሕዝባችን በፓርላማ ወኪል ይኑረው የሚል ነው። መንግሥት አቤቱታውን ለንጉሡ አላስተላልፍም አለ።

ታኅሣሥ 6 ቀን 1938 እኚሁ ሽማግሌ ሰው ይዘው ወደ ጀርመን ቆንስላ ሄዱ። ናዚዎች በአይሁዶች ላይ ያደረሱትን ጥቃት የሚቃወም ደብዳቤ ሊሰጡ ነው። በገዛ አገራቸው ሙሉ መብት የሌላቸው ሰዎች ለሌላ አገር ሕዝብ አቤት አሉ። ቆንስላው አላስገባቸውም። ይህን ሳነብ ብድግ ብዬ ቤት ውስጥ መዞሬን አልደብቅም።

ኒኮልስ ያደገው በእንዲህ ዓይነት ሰው እጅ ነው። ነጭ አውስትራሊያ ጥር 26 ቀን 1938 የሰፈረበትን 150ኛ ዓመት ሲያከብር፣ አቦርጂናሎች ሲድኒ ውስጥ "የሐዘን ቀን" ብለው ተሰበሰቡ። ኒኮልስ እዚያ ነበር። በየካቲት 1939 ደግሞ የከመራጋንጃ ሕዝብ የሥራ አስኪያጁ ግፍ ሲበዛበት 200 የሚሆን ሰው ዕቃውን ጠቅልሎ፣ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ቪክቶሪያ ወጣ። ብዙዎቹም ውለው አድረው ሜልበርን፣ ፊትዝሮይ ገቡ። ያኔ ፊትዝሮይ የድሃ ሠፈር ነበር።

ኒኮልስ በጉልበቱ ጉዳት ምክንያት መጫወት አቆመ። በ1941 ለውትድርና ተጠራና ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ግን የፊትዝሮይ ፖሊስ ራሱ ለጦሩ አመለከተ፤ ይህን ሰው መልሱልን፣ ሠፈሩ ውስጥ እንፈልገዋለን አለ። ለቀቁት። እህቱን ፖሊስ ሲወስዳት ቆሞ ያየው ልጅ፣ አሁን ፖሊስ ተቸግሮ የሚለምነው ሰው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ይኸው ነበር። የሰከረውን ቤቱ ያስገባል፣ የታሰረውን ያስፈታል፣ ከገጠር የመጣውን ማደሪያ ይፈልግለታል። ጎር ጎዳና ላይ ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ሆነ። ሰው ሁሉ "ፓስተር ዳግ" ይለው ጀመር።

ከጎር ጎዳና ትንሽ እልፍ ስትሉ የአተርተን ጋርደንስ የመንግሥት ፎቆች ይታያሉ። የብዙ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያ የሜልበርን ቤት እዚያ ነው። ፎቆቹ የተሠሩት ኋላ የድሮውን ሠፈር አፍርሰው ነው። ስደተኛ ሆነን ያረፍንበት ሠፈር ከእኛ በፊትም በገዛ አገሩ ስደተኛ የሆነ ሕዝብ ያረፈበት እንደነበር ብዙዎቻችን አናውቅም።

ግላዲስን ሳላነሣ ብሄድ ነውር ነው። ወንድሙ ሃዋርድ በ1942 ሲሞት ሚስቱ ግላዲስ ከልጆቿ ጋር ቀረች። ዳግ በዚያው ዓመት መጨረሻ አገባት። በእኛም አገር የሟች ወንድምን ሚስት ማግባት እንግዳ ነገር አይደለም። ግላዲስ ግን "የፓስተሩ ሚስት" ብቻ አልነበረችም። ከገጠር ለሚመጡ ልጃገረዶች ማደሪያ የከፈተች፣ ገንዘብ የምትሰበስብ፣ ሥራውን በእጇ የምትሠራ ሴት ናት። ሜልበርን ፓርላማ ጋርደንስ ያለው ሐውልት የሁለቱም መሆኑ አግባብ ነው።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ ፓስተር ዳግ የአገር ፖለቲካ ውስጥ ገባ። በ1957 ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ዋርበርተን ወደሚባል በረሃ ከሌሎች ጋር ሄዶ የተራቡ ሰዎችን አየ። እዚያ የተቀረጸው ፊልም በየአዳራሹ ሲታይ ሕዝብ ደነገጠ። በዚያው ዓመት የአቦርጂናል ዕድገት ሊግ ሜልበርን ላይ ሲቋቋም ከዋናዎቹ አንዱ ነበር። በግንቦት 1967 በተደረገው ሪፈረንደም ከመራጩ ከ90 በመቶ በላይ "አዎ" አለ፤ አቦርጂናሎች በሕዝብ ቆጠራ እንዲገቡ፣ የፌዴራል መንግሥቱም ለእነሱ ሕግ እንዲያወጣ ተፈቀደ። ለዚያ ድምፅ ለዓመታት ከቀሰቀሱት አንዱ እሱ ነው።

አንዱን ጉዳይ ግን ረጋ ብዬ ልንገራችሁ። ቪክቶሪያ ውስጥ ሌክ ታየርስ የሚባል የአቦርጂናል ይዞታ አለ። መንግሥት ሊዘጋውና ነዋሪውን ሊበትን አሰበ። ኒኮልስ ያኔ የመንግሥቱ የአቦርጂናል ደኅንነት ቦርድ አባል ነበር። ወንበር አለው፣ ይሰሙኛል ብሎ ያስባል። አልሰሙትም። በ1963 ከቦርዱ ለቀቀ፤ ከነዋሪዎቹ ጋርም አደባባይ ወጣ። ትግሉ ዓመታት ፈጀ። በ1971 መሬቱ ለነዋሪዎቹ ተመለሰ።

የዘመኑ ወጣቶች ግን በእሱ አልረኩም። በ1960ዎቹ መጨረሻ የጥቁር ኃይል ንቅናቄ አውስትራሊያም ደርሶ ነበር። ፓስተሩ ለስላሳ ነው፣ ከነጮች ጋር ይሞዳሞዳል የሚሉት ነበሩ። እሱ ደግሞ የፒያኖ ምሳሌ ይወድ ነበር። በጥቁሮቹ ቁልፎች ብቻ ዜማ ማውጣት ይቻላል፣ በነጮቹ ብቻም ይቻላል፣ የተሟላ ኅብር የሚገኘው ግን በሁለቱ ነው ይላል። ከእሱ በፊት በዚሁ ምሳሌ የታወቀው ጋናዊው መምህር ጄምስ አግሬ ነው። እውነቱን ለመናገር የምሳሌው ጣፋጭነት ለእኔም ትንሽ ይበዛብኛል። ፒያኖውን የገዛው ማን ነው፣ ቤቱስ የማን ነው የሚል ጥያቄ ይመጣብኛል። ወጣት ብሆን ከወጣቶቹ ጋር የምሰለፍ ይመስለኛል። ሌክ ታየርስን ሳስብ ደግሞ ለስላሳ ማለት ይከብደኛል።

በ1972 ንግሥቲቱ የሰርነት ማዕረግ ሰጠችው። ከአቦርጂናሎች የመጀመሪያው ነው። ታኅሣሥ 1 ቀን 1976 በክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ሚኒስትር በዶን ደንስታን አቅራቢነት የደቡብ አውስትራሊያ አገረ ገዥ ሆኖ አደሌድ ቤተ መንግሥት ገባ። አሁንም የመጀመሪያው። ሹመቱ ግን አምስት ወር ነው የቆየው። ታመመ፤ ሚያዝያ 30 ቀን 1977 ለቀቀ። ሰኔ 4 ቀን 1988 ዐረፈ። የተቀበረው ከመራጋንጃ ነው።

ወደ ዙሩ ልመለስ። ሊጉ ዙሩን በኒኮልስ ስም የሰየመው በ2016 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ምን ሆነ? አዳም ጉድስ ከሜዳ ወጣ። ጉድስ ሁለት ጊዜ ብራውንሎ የወሰደ፣ በ2014 የዓመቱ አውስትራሊያዊ የተባለ አቦርጂናል ተጫዋች ነው። በ2013 ከተመልካች መካከል አንዲት ልጅ "ዝንጀሮ" ስትለው በጣቱ አሳያት። ልጅቷን አትውቀሷት ብሎም ተናገረ። ስለ አገሪቱ ታሪክ ዝም አልልም አለ። በ2015 ኳስ በነካ ቁጥር በየስታዲየሙ ይጮኽበት ነበር። በሺዎች የሚቆጠር ሰው፣ ሳምንት በሳምንት። በዚያው ዓመት ጨዋታ ተወ። ሊጉና ክለቦቹ ይቅርታ የጠየቁት በ2019 ነው።

እንግዲህ ቅሬታዬ ይኸው ነው። የመልበሻ ክፍሉን ታሪክ ብቻ ስንናገር ችግሩ በ1932 አንድ ደግ ሰው ወንበር ቀይሮ የፈታው ይመስላል። ኒኮልስም የሚወደደው ዝም ብሎ ስለተቀመጠ ይመስላል። እሱ ግን ዝም ያለበት ጊዜ የለም። ጉድስ ያደረገውን ነው ያደረገው፤ ኳስ የሰጠውን ስም ይዞ ስለ ሕዝቡ ተናገረ። ልዩነቱ የሱ አድማጭ በቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ላይ የተቀመጠ መሆኑ ነው።

በ2021 ሊጉ ጉድስን ከታላላቆቹ መዝገብ ላስገባህ ሲለው አልፈልግም አለ። አንዳንድ የፉቲ ሰው "ኒኮልስ ቢሆን ተቀብሎ፣ አመስግኖ ይገባ ነበር" ሲል እሰማለሁ። ይገባ ነበር ይሆናል። በ1963 ወንበሩን ለቦርዱ ትቶላቸው የወጣውም ግን እሱ ነው።